የማይነደው ግመል

እናትነሽ አስረስ ለሕፃን የሚሆን አሻንጉሊት ስትመርጥ ከሁሉ አስቀድማ ዓይኑን ትነክሰዋለች። የድብም ይሁን የጥንቸል፣ ቁልፍም ይሁን ፕላስቲክ፣ በክራንቻዋ ይዛ ወደ ኋላ ትስበዋለች። ከተነቀለ «ይኸው፣ ጉሮሮ ሊዘጋ የመጣ» ትልና ጣሳ ውስጥ ትተፋዋለች። ካልተነቀለም አታምነውም፤ በመቀስ ቆርጣ ታወጣውና በቦታው በጥቁር ክር ዓይን ትጠልፍለታለች። አንገቱ ላይ የታሰረው ሪባን ይበጠሳል። ሕፃን አንገቱ ላይ ገመድ አያስፈልገውም፤ ካደገ በኋላ የሚያስርለት አያጣም። ቃጭሉ ይወጣል። ሆዱ ሲጨበጥ እንደ ምስር የሚንሿሿ ከሆነም ምስሩ ይዘረገፋል።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ሀርጌሳ ውስጥ ነው። ጣራዋን አውሮፕላን ያፈረሰባት፣ የተረፈውን ቆርቆሮ ወታደር ነቅሎ የሸጠባት፣ በየግቢዋ አፈር ሥር ማን እንደቀበረው የማይታወቅ ፈንጂ ያለባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ጥንቸል ዓይን መጨነቅ ብዙ ሰው ያስቃል። የሚሥቁት ደግሞ ጠመንጃ ተንተርሰው የሚተኙ፣ አየር ማረፊያው የማን እንደሆነ በየሻይ ቤቱ ጉባኤ ተቀምጠው የሚወስኑ፣ «ታሪክ እየሠራን ነው» የሚሉ ጀግኖች ናቸው። ታሪክ ሠሪ በበዛበት አገር አሻንጉሊት መራጭ ትንሽ ሰው ነው። ይሁን፣ ትንሽ ትሁን። ከጀግኖቹ አንዱም ግን ልጁን ለመንከባከብ ከእናትነሽ እኩል የደከመበት ቀን አልታየም።

እናትነሽ ደብረ ብርሃን አጠገብ ተወልዳ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሱፍ ስታበጥር ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። የሃምሳ አለቃ አገባች፤ ባሏ ጅጅጋ ሲመደብ ተከትላው ወረደች። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ባልዬው «ሁኔታውን አይቼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ሁኔታውን እስካሁን እያየ ነው። እሷም ሐርትሼክ የስደተኞች ጣቢያ ጥግ ላይ ዳቦ መሸጥ ያዘች። ከሳህራ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው።

ሳህራ ድሬዳዋ ተወልዳ፣ ድሬዳዋ ተምራ፣ ሀርጌሳ ያገባች ሴት ናት። በሰማንያ ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ከእናቷ ከሀሊማ ጋር በእግሯ ድንበር ተሻገረች። ስደተኛው ወደ ፍርስራሹ መመለስ ሲጀምር እናትነሽም ጓዟን ጠቅልላ ከእነሱ ጋር መኪና ላይ ወጣች። «አንቺ ደግሞ ወዴት?» ቢሏት «ሰው ወደሚሄድበት» አለች። እንዲህ ሆኖ ጋአን ሊባህ በሚባል የሀርጌሳ ሠፈር ውስጥ፣ ግማሽ ጣራው ሸራ በሆነ ቤት፣ ሐበሻዋ ሴት ቤት ጠባቂና ሞግዚት ሆነች። ሳህራ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ትውላለች። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ድምፁ ይሰማል። ሀሊማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትፈርዳለች። የምትጠበቀው ልጅ ዴቆ ናት፤ መራመድ የጀመረች፣ መናገር ያልጀመረች፣ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከት።

ከዴቆ በፊት ቢላን ነበረች። ሳህራ ስሟን አትጠራም፤ ያወራችው ለእናትነሽ ብቻ ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ። ሐርትሼክ ድንኳን ውስጥ ነው። ከውጭ የመጣ ፀጉራም ሮዝ ጥንቸል ታድሎ ነበር፤ ቢላን ታቅፋው ተኝታ ሳለ የጥንቸሉ ጆሮ ኩራዙን ነካ። ያ ጥንቸል እንደ ጨርቅ አልነደደም፤ እንደ ቤንዚን ነደደ። ቀልጦም ተጣበቀ። ሳህራ ወሬውን እዚህ ላይ አቆመች፤ እናትነሽም አልጠየቀቻትም።

ስለዚህ በዚያ ቤት ለአሻንጉሊት ሦስት ፈተና ነበር። አንደኛው የሀሊማ ሸሪዓ ነው። ከዕርዳታ ሰልባጅ ቦንዳ ውስጥ የተለቀመው እንስሳ ሁሉ ምንጣፏ ፊት ይቀርባል።

«ይኼ ምንድነው?»

«ድብ ነው አየዮ።» አያቶችን አየዮ ይላሉ፤ እናትነሽም እንደ ቤቱ ሰው እንዲያው ነው የምትጠራት።

«ይኼስ?»

«ይኼ… ጥጃ ነው።»

«ጥጃ አፍንጫው እንዲህ ነው? የድሬዳዋን ልጅ አሳማ አታውቅም ልትዪ ነው? አውጪልኝ! አስታግፊሩላህ!»

«ጨርቅ እኮ ነው አየዮ። አያጓራ፣ አይበላ።»

«የጨርቅ አሳማም አሳማ ነው። አንቺ ክርስቲያን ነሽ፣ ውሰጂው።»

«እኛስ መች አሳማ እንበላለን?»

«እንግዲያ የማን ነው?»

«የፈረንጅ።»

«ለፈረንጅ መልሺለት!»

ሁለተኛው ፈተና የእናትነሽ ጥርስ ነው። ሦስተኛው የሳህራ ክብሪት። ከገበያ ስትመለስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከሆዱ ጭብጥ ሙሌት ታወጣና ግቢው መሃል ድንጋይ ላይ ትለኩሰዋለች። ድቡ ነደደ። ዝሆኑ ነደደ። ከሀሊማ ሸሪዓ ያለፈው በግ ጥቁር ጢስ እየተፋ ነደደ። ሳህራ እጇን አጣጥፋ፣ ፊቷ ድንጋይ መስሎ፣ እስኪያልቅ ታየዋለች። ከዚያ ትገባለች።

በዚያው ሰሞን አንድ የውጭ ድርጅት በየግድግዳው ባለ ቀለም ወረቀት ለጥፎ ነበር። ስለ ልጆች ደኅንነት ነው አሉ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ፀጉሩ ብጫ፣ ጉንጩ ቀይ፣ ጀርባው ያለው ሣር አረንጓዴ ነው። ሰፊው ሕዝብ ወረቀቱን በአድናቆት ተመለከተው፤ ጠንካራ ስለነበረም ለዳቦ መጠቅለያ አዋለው። በልጅነቱ በፖለቲካ ወረቀት የነቃ ሰው ሲያረጅ ወረቀትን የሚንቀው በከንቱ አይደለም።

ዴቆ በዚህ መሃል ጥርስ ታበቅላለች። የወንበር እግር ታኝካለች፣ ከሰል ታኝካለች፣ የሀሊማን ነጠላ ጫማ ታኝካለች። እናትነሽን ጭንቅ ያዛት። የሚታኘክ ለስላሳ ነገር ካላገኘች ውጭ ወጥታ ከመሬት ታነሳለች፤ በሀርጌሳ መሬት ላይ ደግሞ ከሚነሳው ነገር ምኑ እንደሚጮህ አይታወቅም። ስለዚህ ራሷ ለመሥራት ቆረጠች። ግመል። ግመል ማን ይነቅፋል? ሀሊማ እንኳ «እሱስ በረካ ነው» አለች። ከደብረ ብርሃን እስከ ሀርጌሳ ያልተለያት አሮጌ ግራጫ ብርድ ልብስ ነበራት፤ ከጫፉ ቆርጣ ቆዳውን ሰፋች። ሱፍ ቶሎ አይነድም፤ ይህን ከፋብሪካው ጀምሮ ታውቃለች። ሆዱን ምን ትሙላው? ጥጥ ይነዳል። ጨርቅ ይነዳል። በጥሬ ሱፍ እንዳትሞላው የሶማሌ በግ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ያለው ፀጉር እንጂ ሱፍ አይደለም። ገበያውን ዞራ፣ አንድ እረኛ «ሱፍ ምንድነው?» ብሎ ጠይቋት ተመለሰች።

አቻምየለህ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሠፈር ፍርስራሽ ለቅሞ የሚያድር ያገራችን ሰው ነው። ወጣትነቱን በድብቅ የሚበተን ወረቀት ሲያነብና ሲጽፍ ጨርሷል። «ላብአደር» የሚለውን ቃል ስንትና ስንት ጊዜ ጽፎ፣ ላብ ምን ምን እንደሚል ግን ሀርጌሳ መጥቶ ነው የተማረው። ሳይጠየቅ ያስረዳል፤ ተጠይቆ የማያውቀው ነገር የለም።

«ጥጥ የሚመስል አለኝ» አላት። «የውጭ ነው። ብጫ ነገር። ፍራሽ ሠሪዎቹ ገና አላወቁትም፤ ሲያውቁ ይሻሙበታል።»

«ይነዳል?»

«ለኩሺውና እዪው!»

ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ይዞ መጣ። ሳህራ ከገበያ ገባች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ጭብጥ ወሰደች፣ ድንጋዩ ላይ አድርጋ ክብሪት ጫረች። ብጫው ጥጥ ትንሽ ጠቆረ፣ ሰንፈጥ ያለ ሽታ ሸተተ፣ ዝም አለ። ሌላ ክብሪት ጫረች። ዝም። ከምድጃው ፍም አምጥታ አናቱ ላይ አስቀመጠች። ፍሙ ራሱ ከሰመ።

ሳህራ ቁጢጥ ብላ ሣቀች። እናትነሽ ያቺ ሴት ስትሥቅ ጥርሷ እንዲህ ነጭ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያየችው። «አልነደደም» አለች፤ «እናትነሽ፣ አየሽ? አልነደደም!»

«ምንድነው ግን ነገርዬው?» አለች እናትነሽ።

«ሳይንስ ነው» አለ አቻምየለህ።

ሳይንስ ከተባለ ማን ይሟገታል? እናትነሽ የዚያን ዕለት ዓይን አልነከሰችም፤ ክር ጠልፋ ነበርና። ሆዱንም አልነከሰችም። እሳትን የፈራ ቤት ከእሳት የተረፈውን ነገር ሁሉ ደግ ይመስለዋል። ግመሉን ጢም አድርጋ ሞላችው፣ በድርብ ክር ዘጋችው፤ ሻኛው ጎበጥ፣ ጆሮው ረዘም ብሎ አማረ። ዴቆ ስታየው በሁለት እጇ ነጥቃ ጆሮውን አፏ ውስጥ ከተተች። ጎረቤቶች «ለእኛም፣ ለእኛም» አሉ። እናትነሽ «እሺ፣ ከሰሞኑ» አለቻቸው። እግዜር አተረፋቸው፣ እጇ ቶሎ አልደረሰላትም።

መጀመሪያ የዴቆ ከንፈር ዙሪያ ቀላ። ከዚያ አንገቷ፣ ክንዷ ችፍ ችፍ አለ። ከዚያ ሳል መጣ፤ ደረቅ፣ እንደ ውሻ ጩኸት ቁርጥ ቁርጥ የሚል።

«ኩፍኝ ነው» ብላ ፈረደች ሀሊማ። «ጨለማ ክፍል ትግባ። ነፋስ እንዳያያት።»

ጨለማ ክፍል ገባች። ስታለቅስ ግመሉን አሳቀፏት። ግመሉን ስታቅፍ ዝም አለች። ጆሮውን እያኘከች ተኛች። ስትነቃ ሳሉ ብሶ ነቃች። ሀሊማ ቁርአን ቀራችባት፤ ሳህራ «ዓይን ነው፣ ጎረቤቶቹ አሞገሷት» አለች፤ እናትነሽ በሆዷ ማርያምን ለመነች። ሦስቱም እምነታቸውን አዋጥተው ግመሉን ይበልጥ ወደ ልጅቷ ደረት አስጠጉት።

የእናትነሽም ክንድ ያሳክካት ጀምሯል። ግመሉን ከሰፋችበት ቀን ወዲህ ነው። ትኋን መሰላት፤ ፍራሿን ፀሐይ ላይ አወጣች። አልተዋትም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሳህራ ገበያ ከሄደች በኋላ፣ የተኛችውን ዴቆ ጎንበስ ብላ ስታይ ከግመሉ ጆሮ ጫፍ አንዲት ብጫ ፀጉር ብቅ ብላ አየች። ጆሮው ታኝኮ ሳስቷል። ፀጉሯን በጣቷ ሳበቻት። በበሩ ስንጥቅ የገባው ብርሃን ላይ ስታደርጋት አብለጨለጨች።

ግመሉን ልትወስድ እጇን ሰደደች፤ ዴቆ በእንቅልፏ አጥብቃ ያዘችው፣ ማለቃቀስ ጀመረች። ሀሊማ ከወዲያ «ተያት! ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ አሁን ገና ነው ዓይኗን የከደነችው!» ብላ ጮኸች። እናትነሽ እጇን መለሰች። አንዲት ፀጉር ናት። ምናልባት የብርድ ልብሱ ይሆናል። ሄዳ ትጠይቅ፤ ጠይቃ ትመለስ። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አሕመድ ዳጋህ ስትሮጥ ለራሷ የነገረችው ይህንን ነው።

አቻምየለህ ፍርስራሽ ግድግዳ ተደግፎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክንዱን በድንጋይ እያከከ አገኘችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሙቀት ነው። የአየር ንብረቱ ለደጋ ሰው…»

«ያንን ጥጥ ከየት ነው ያመጣኸው?»

ኩራት ኩራት አለው። እየመራ ወሰዳት። ከአንድ የፈረሰ መጋዘን ጀርባ አሮጌ ፍሪጆች ተደርድረው ወድቀዋል፤ ጥይት የበሳቸው፣ ዘራፊ እንኳ የናቃቸው። ምድጃ ሠሪዎች ለከሰል ማንደጃ የሚሆን ቆርቆሯቸውን ገፈው ወስደዋል። የተገፈፈው ፍሪጅ ጎን ላይ ብጫው ነገር እንደ በግ ጠጉር ተንጠልጥሏል።

«ይኸው! በግድግዳውና በግድግዳው መሃል የሚሞሉት ነው። ሙቀት አያሳልፍም። ኢምፔሪያሊዝም ለበረዶው የሚያደርገውን ጥንቃቄ…»

እናትነሽ አልሰማችውም። ጭብጥ ቀደደችና ፀሐይ ላይ ያዘችው። እንደ ሱፍ አይለጠጥም። በጣቶቿ መሃል ስታሸው ተሰባበረ፤ ስባሪው መዳፏ ላይ አብለጨለጨ። ሱፍ ያበጠረች እጅ ያን ጊዜ አወቀች። ቢሆንም እርግጠኛ ለመሆን ቅንጣት ያህል ምላሷ ላይ አደረገችና በፊት ጥርሷ ነከሰችው። ቅጭ አለ።

«ብርጭቆ ነው» አለች።

«ብርጭቆ? ለስላሳ ብርጭቆ የት አየሽ?»

«የተፈተለ ብርጭቆ ነው አንተ የተረገምክ! አፏ ውስጥ ነው ያለው! ልጅቷ አፍ ውስጥ!»

አቻምየለህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማብራሪያ አጣ። ደግነቱ አላስፈለገውም፤ ከአየር ማረፊያው በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መጣ። አንድ፣ ከዚያ ብዙ። ኅዳር ሰማንያ ሰባት ነበር። የሻይ ቤቱ ጉባኤ በመጨረሻ ተስማምቷል ማለት ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፍበትን ሜዳ ለመከፋፈል አውሮፕላን የማያርፍበት ሊያደርጉት።

እናትነሽ እንትፍ አለችና ሮጠች። ገበያው ይዘጋል፣ ሴት ይጮኻል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ጋአን ሊባህ ስትደርስ ሳህራ በሩ ላይ ጓዝ እየቋጠረች ነው።

«የት ጠፋሽ? ሀሊማን አሳፈርኳት!»

«ዴቆስ?»

«ከእሷ ጋር ናት። የጎረቤት ጭነት መኪና ቦታ ነበረው። ወደ ድንበሩ፣ በዋጃሌ መንገድ ወጥተዋል። ነይ፣ እኛም ሌላ እንያዝ!»

«ግመሉስ?»

«ምን?»

«ግመሉን ይዛለች ወይ?»

ሳህራ እንደ እብድ አየቻት። «ያለሱ መች ትሄዳለች?»

ፍየልና ፍራሽ የተጫነበት መኪና ላይ ተንጠላጠሉ። መንገዱ ከተማውን ሙሉ የለቀመ ይመስላል፤ ከሦስት ዓመት በፊት በደስታ የተመለሰው ሕዝብ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍራሽ፣ ተመልሶ ይሸሻል። እናትነሽ የሳህራን እጅ ይዛለች። መናገር አለባት። ምላሷ ላይ የቀረው ቅንጣት እንደ እሾህ ይወጋታል። አንዲት ቅንጣት እሷን እንዲህ ካደረጋት!

ነገረቻት። ፍሪጁን፣ ብርጭቆውን፣ ጆሮው መሳሳቱን። ሳህራ ዞር ብላ አላየቻትም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን ነው። ጠዋት ጠርጥሬ…»

«ጠርጥረሽ ከነግመሉ ትተሻት ሄድሽ?»

«ተኝታ ነበር።»

«ቢላንም ተኝታ ነበር» አለች ሳህራ።

እናትነሽ የምታልፋቸውን መኪኖች አንድ በአንድ ትቃኛለች፤ የሕፃን ሳል በሰማች ቁጥር ትነሳለች። ብዙ ሕፃን ያስላል። አቧራ ነው፤ ሁሉም ያስላል።

ጋቢሌ ከተማ ሳይደረስ ሁለት በርሜልና አንድ ገመድ ያሉበት ኬላ አለ። የየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያውቁት ጠባቂዎቹ ናቸው፤ እነሱም ጠዋትና ማታ ይለያያል። መኪኖቹ ተሰልፈዋል። ሰው ወርዶ ይፈተሻል። ሀሊማን መንገድ ዳር፣ ጓዝ ላይ ተቀምጣ አይተዋት ሁለቱም መኪናው ሳይቆም ዘለሉ።

ዴቆ በሕይወት አለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ አብጧል፣ ለሀጯ ውስጥ ቀጭን ደም አለ፤ የግመሉ ጆሮ ግማሹ የለም። እናትነሽ ግመሉን ያዘች። ዴቆ ጮኸች። ሀሊማ የእናትነሽን እጅ መታች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ዝም ያሰኛት እሱ ብቻ ነው!»

«አየዮ ልቀቂ! ብርጭቆ ነው!»

«ልቀቂ እማዬ!» አለች ሳህራ፤ ድምፅዋ የጦር አዛዥ ድምፅ ነበር። ሀሊማ ለቀቀች።

የዴቆን አፍ በውሃ አጠቡ፤ እናትነሽ ጣቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ድዷን፣ ምላሷን፣ ጉንጯን ሳታሽ ጠረገች። ልብሷን አወለቁት፣ ከሰው ርቀው አራገፉት፣ ገላዋን በሳህራ ሻሽ ሸፈኑት። ዴቆ ትጮኻለች፣ ትስላለች፣ እጇን ወደ ግመሉ ትዘረጋለች። እናትነሽ ግመሉን ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

አሁን የት ታድርገው? መንገድ ዳር ብትጥለው ከኋላ የሚመጣው ሕፃን ሁሉ ያየዋል፤ ከብርድ ልብስ የተሠራ ቆንጆ ግመል። ብትቀብረው፣ ከጥርጊያው ወጥቶ መሬት የሚቆፍር እግሩን ይዞ አይመለስም። ብታቃጥለው አይነድም፤ የተመረጠውም ስለማይነድ ነው። ፌስታሉን በነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ቆመች። መሸጎጥ ደግሞ ኬላ ላይ አያምርም።

«ቁም! አንቺ! ምን ደበቅሽ?»

ሳማታር ይሉታል የኬላውን አለቃ፤ የሽምቅ ዘመኑን ኢትዮጵያ ውስጥ ስላሳለፈ አማርኛ የሚያውቅ፣ ያውም የወታደር አማርኛ።

«ግመል ነው» አለች እናትነሽ።

«ግመል! ፌስታል ውስጥ!» ጓዶቹ ሣቁ። ነጥቆ አወጣው። ዙሪያውን አየው፤ ሻኛውን ዳበሰ። ፊቱ ለአፍታ ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ፊት ሆነ። «ቆንጆ ነው። ለልጄ ይሆናል።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሁን መራመድ ጀምራለች።»

«እንግዲያ አይሆንም። ወንድሜ፣ ስለ አላህ፣ መልስልኝ። ውስጡ ብርጭቆ ነው።»

ሳማታር ጨመቀው። ለስላሳ ነው። ሳህራን አየ፣ እናትነሽን አየ፣ ገባው፤ ለብልህ ሰው ሁሉም ነገር ቶሎ ነው የሚገባው። «ብርጭቆ! ወርቅ ነው እንጂ! የእመቤትሽን ወርቅ ነው የሰፋሽበት። ግመል ሆድ ውስጥ ወርቅ የደበቀች የመጀመሪያዋ ነሽ መሰለሽ?»

«አትክፈተው! ነፋስ አለ፣ ልጆች አሉ…»

ጩቤ መዘዘና ሆዱን ሸረከተው። እጁን እስከ ክንዱ ከተተ። ፈተገ፣ በረበረ፣ እያወጣ በተነ፣ ወርቅ ፈለገ። ብጫው ነገር ነፋሱ ላይ ተንሳፈፈ።

«ፊታቸውን ሸፍኑ! ሕፃናቱን ሸፍኑ!» እናትነሽ ጮኸች፤ ሳህራ በሶማሊኛ ደገመችው። ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሻሻቸውን በልጆቻቸው ፊት ላይ ጣሉ። በዚህ አገር «ሸፍኑ» ሲባል ማንም «ለምን» አይልም።

ሳማታር ወርቅ አላገኘም። ክንዱን አከከ። አንገቱን አከከ። እንደገና አከከ፤ ክንዱ ቀላ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ እጁን ወደ ዓይኑ ሲሰድ እናትነሽ ዘላ አንጓውን ያዘችው። ጓዶቹ ጠመንጃ አነሱ።

«አትሽ! ዓይንህን እንዳትነካ! አትከክ፣ ይገባል! ውሃ አምጡ!»

ለዴቆ የተረፈውን ውሃ ክንዱ ላይ ወደታች አፈሰሰችለት። የኬላው አለቃ እጁን እንደ ሕፃን ዘርግቶ ቆመ።

«ይሄንን» አለ በጥርሱ መሃል፣ «ይሄንን ለልጅ የምትሰጥ ምን ዓይነት ሴት ናት?»

እናትነሽ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ» አለች ሳህራ። ዴቆን ታቅፋ ከፊቱ ቆማለች። «የመረጥኩት እኔ ነኝ። እናቷ ነኝ። ክብሪት ለኩሼ፣ አይነድም ብዬ፣ ደስ ብሎኝ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሌላ ጥያቄ አለህ?»

ሳማታር ግመሉን በእግሩ ወደ መንገዱ ሊገፋው ሲል እናትነሽ «እዚያ አይሆንም!» አለችው። ተናዶ አፈጠጠባት፤ ክንዱ ግን አሳከከው፤ ምናልባትም መራመድ የጀመረችውን ልጁን አሰበ። ከበርሜሎቹ ኋላ በቆርቆሮ የታጠረ የጠባቂዎቹ ሽንት ቤት ነበር። እናትነሽ ነጠላዋን ጠባቂዎቹ ባመጡት ውሃ ነክራ መሬት የወረደውን ብጫ ነገር ጠራርጋ ለቀመች፣ ከነነጠላው፣ ከነግመሉ ጠቀለለችው፤ ሳማታር ራሱ በጠመንጃው አፈሙዝ አንጠልጥሎ ወስዶ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው። ብዙ ጀግና ብዙ ነገር ሲማርክ አይተናል፤ ይህን ያህል ጠቃሚ ምርኮ ግን አልታየም።

ገመዱ ወረደ። መኪና ላይ ወጡ። ዴቆ ግመሏን ተቀምታ እየጮኸች ነው፤ የሰጧትን ሁሉ ትወረውራለች፤ የእናቷን ሻሽ፣ የሀሊማን መቁጠሪያ፣ ዳቦ። ሀሊማ «አባብሏት እንጂ!» ትላለች።

«ተያት፣ ታልቅስ» አለች ሳህራ። ከዚያ ልጅቷን ወደ እናትነሽ ጭን አሻገረቻት። «አንቺ ያዢያት። ጆሮሽ ከእኔ ይሻላል።»

እናትነሽ ተቀበለቻት፣ ትንሿን ጀርባ መዳፏ ላይ አደረገች። መኪናው ይናወጣል፣ ፍየሎቹ ይጮኻሉ፣ ከኋላ የከባድ መሣሪያው ድምፅ እየራቀ ይሰማል። ሁለቱ ሴቶች ግን ያንን አይደለም የሚያዳምጡት። ዴቆ አንድ ጊዜ ጮኻ ለሌላው ጩኸት አየር ስትስብ፣ በመሃል ያለችውን አጭር ትንፋሽ ነው፤ ታፏጭ እንደሆነ፣ ትቆራረጥ እንደሆነ። አንዱ ገባ። ቀጣዩን ጠበቁ።